ሺታኬ እንጉዳይ እንዴት ነው ቤት ውስጥ የሚሠራው? (እርጥቡም ደረቁም)

ቤቲ_ሜሪላንድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፍልሰታ ልትገባ ነው። ምስርና ሽሮ ብቻ እያፈራረቅኩ መጾም ሰልችቶኛል። እዚህ ሰፈር ካለ የእስያ ሱቅ ሁለት ዓይነት ሺታኬ ገዛሁ። አንዱ እርጥቡ ነው፣ በትንሽ ፕላስቲክ የታሸገ። ሌላው ደረቁ ነው፣ ትልቅ ከረጢት ሙሉ። ያሰብኩት በሮዝመሪና በቃሪያ ጥብስ ልሠራው ነው።

ጥያቄዎቼ፦ ደረቁን በሙቅ ውሃ ነው በቀዝቃዛ የምዘፈዝፈው? የተዘፈዘፈበትን ውሃ ልድፋው? እርጥቡን ማጠብ ይቻላል? ባለቤቴ ደግሞ «ሥጋ ካልመሰለ አልበላም» ባይ ነው። እሱን የሚያሳምን ነገር ካላችሁ ወዲህ በሉ።

የቀበና_ልጅ

ውሃውን እንዳትደፊው!!! ለሌላው ጥያቄሽ የሚያውቁት ይምጡ።

እትዬ_ድስት

ቤቲ ልጄ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ለያይተሽ አስቢያቸው። ስማቸው አንድ ቢሆንም ወጥ ቤት ሲገቡ የተለያዩ ናቸው። እርጥቡ የጥብስ ነው። ደረቁ የወጥና የሽሮ ነው። ደረቁን ካልጠበስኩ ብለሽ ብትታገይ ጥርስሽ ይደክማል እንጂ የምትፈልጊውን አታገኚም።

እርጥቡን እንዲህ አድርጊ። እግሩን ከሥሩ ቆርጠሽ አውጪው። የነጩ እንጉዳይ እግር ይበላል፣ የሺታኬ ግን ክር ክር ይላል፣ አይታኘክም። አትጣይው ግን፣ ለሾርባ ይሆናል። ቆቡን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አወፍረሽ ቁረጪው። ካሳሳሽው መጥበሻው ላይ ኩምትር ብሎ ይጠፋል።

መጥበሻው በደንብ ይጋል። ሁለት ማንኪያ ዘይት አድርጊና እንጉዳዩን በትን አድርገሽ ጨምሪው። አትከምሪው። ከተከመረ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ብዙ ከሆነ በሁለት ዙር ሥሪው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እጁ አያርፍም፣ ማማሰያውን ይዞ ይቆላዋል። ተዪው። አንደኛው ወገኑ ቡናማ ሲሆንና ጠርዙ ጠበስ ሲል ነው የሚገለበጠው። ጨው ቶሎ ከነካው ውሃውን ስለሚያወጣ ቀለም አይዝም፣ ስለዚህ ጨውን ለመጨረሻ አቆዪው።

ሲያምርልሽ አውጥተሽ ሳህን ላይ አስቀምጪው። በዚያው መጥበሻ ቀይ ሽንኩርቱን ወፈር ወፈር አድርገሽ ጠበስ አድርጊ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሮዝመሪ፣ ጨው፣ ቁንጥር ሚጥሚጣ። እንጉዳዩን መልሺው፣ አንዴ አገላብጪው፣ ቃሪያውን ጣል አድርጊበትና አውርጂ። ቃሪያው መብሰል የለበትም።

ለባለቤትሽ ደግሞ «ሥጋ ነው» ብለሽ አታቅርቢለት። ሥጋ የጠበቀ ሰው እንጉዳይ ሲያገኝ መኮሳተሩ አይቀርም። እንጉዳይ ነው በይው፣ በሸክላ ይቅረብ፣ ጭሱ ራሱ ይጠራዋል።

ሼፍ_ነኝ_ባይ

እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘይቱ ከመጀመሪያው መግባት የለበትም። እንጉዳይ ዘይት ይጠጣል። መጀመሪያ በደረቅ መጥበሻ ውሃውን ያስተፋሉ፣ ከዚያ ነው ዘይት። ምግብ ቤት ስሠራ የተማርኩት ይህንን ነው።

እትዬ_ድስት

ልጄ ልክ ነህ፣ ግን ለነጩ እንጉዳይ ነው። እሱ ውሃ ብቻ ነው፣ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ይዋኛል። ሺታኬ ሲጀመርም ደረቅ ነው። በደረቅ መጥበሻ ላይ ውሃ ሳይወጣው ጠርዙ ያራል፣ መሐሉ ጥሬ ይቀራል።

ሼፍ_ነኝ_ባይ

እንግዲያውስ መሐል መንገድ አለ። እንጉዳዩን ከሦስት አራት ማንኪያ ውሃ ጋር መጥበሻ ላይ ያድርጉና ይክደኑት። በእንፋሎቱ ይለሰልሳል፣ ውስጡ ያለው አየር ይወጣል። ውሃው ሲመጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ብቻ ይበቃል፣ ምክንያቱም እንጉዳዩ ተኮማትሮ ስለሚጠብቅ ዘይት የሚመጥበት ቦታ የለውም። ከዚያ በኋላ እትዬ እንዳሉት ሳይነኩ ማስጠበስ ነው። መሐሉ ስለመብሰሉም አያሳስብም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አበዛሁት ብላችሁ አትጨነቁ። ሥጋ እሳት ሲበዛበት ይደርቃል፣ አትክልት ይፈርሳል። የእንጉዳይ አካል የተሠራው ካይቲን ከሚባል፣ የሸርጣንና የፌንጣ ቅርፊት ውስጥ ከሚገኘው ነገር ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያፈርሰውም። አምስት ደቂቃ ቢያልፍባችሁ ምንም አይሆንም።

እትዬ_ድስት

ይሄኛው ይሁን። ለዘይት ቁጠባም ደግ ነው።

ትዕግስት_ቴላቪቭ

እኔ እርጥቡን በጥሬው ቀጭን ከትፌ ሰላጣ ላይ ነው የማደርገው፣ በሎሚና በወይራ ዘይት። ማንም እዚህ አላነሳውም፣ ሞክሩት።

ነርሷ_ቪየና

ትዕግስት እህቴ፣ ነጩን እንደፈለግሽ። ሺታኬን ግን በጥሬው ተይው።

ጥሬ ወይም በቅጡ ያልበሰለ ሺታኬ የበሉ አንዳንድ ሰዎች ላይ የሚወጣ የቆዳ ሽፍታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ናካሙራ የሚባሉ ጃፓናዊ ሐኪም ናቸው መጀመሪያ የጻፉበት። መልኩ ልዩ ነው። ጀርባና ሆድ ላይ፣ አንዳንዴ ክንድና እግር ላይ፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀይ መስመሮች ይወጣሉ። በአለንጋ የተገረፈ ሰው ይመስላል። በጣም ያሳክካል። የሚወጣው እንደበሉ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ ሰዉ ከእንጉዳዩ ጋር አያገናኘውም፣ ሳሙና ቀይሬ ነው ይላል። መንስኤው እንጉዳዩ ውስጥ ያለ ሌንቲናን የሚባል ነገር ነው ተብሎ ይታመናል። እሱን ደግሞ ሙቀት ያከሽፈዋል።

ሁሉም ሰው ላይ አይወጣም። አንቺ እስካሁን ደህና ከሆንሽ ዕድለኛ ነሽ። የወጣበት ሰው ላይም በአንድ ሁለት ሳምንት፣ ቢዘገይ በሦስተኛው ይጠፋል፣ አደገኛ ነገር አይደለም። ግን በደንብ ማብሰል እየተቻለ ለምን ያሳክከን? ደረቁም ቢሆን ውሃ ስላራሰው በሰለ ማለት አይደለም፣ እሳት ይፈልጋል። ሽፍታ የወጣበት ሰው ካለ ደግሞ ሐኪሙ ጋ ሲሄድ «ሺታኬ በልቼ ነበር» ብሎ ይንገር። የማያውቁት ሐኪሞች ብዙ ናቸው።

ትዕግስት_ቴላቪቭ

ውይ! ከዛሬ ጀምሮ መጥበሻ።

ጓንግዙ_ያለሁ

ዘግይቼ ደረስኩ፣ እዚህ ሌሊት ነበር። የደረቁን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ። የምኖርበት ከተማ የደረቀ ሺታኬ በጆንያ የሚሸጥበት ገበያ አለ፣ ሽታው ከመንገዱ ማዶ ይጠራል።

ቤቲ፣ ከረጢትሽን አይተሽ ንገሪን። ቆቡ ወፍራም ነው? ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው? ከላዩስ ነጭ ስንጥቅ ስንጥቅ አለው? እንዲህ ከሆነ ጥሩውን ነው የገዛሽው። ቻይናዎች የአበባ እንጉዳይ ይሉታል። ብርድና ደረቅ አየር ላይ ቀስ ብሎ ሲያድግ ነው ቆዳው የሚሰነጠቀው፣ ውድ ነው። ጃፓኖች ወፍራሙን ዶንኮ፣ ቆቡ የተዘረጋውን ቀጭኑን ኮሺን ይሉታል። ቀጭኑ ቶሎ ይርሳል፣ ለሽሮና ለሾርባ በቂ ነው። ወፍራሙ ሙሉውን ሲቀርብ ነው የሚያምረው።

አዘፋዘፉን ደግሞ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ለቅለቅ አድርጊው፣ ከቆቡ ሥር ያለው ሽንሽን ውስጥ አቧራ አለ። ከዚያ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። ከላይ ሳህን ጫኝበት፣ ይንሳፈፋልና። ቀጭኑ አምስት ስድስት ሰዓት ይበቃዋል። ወፍራሙ ማደር አለበት። እግሩ ከቆቡ ጋር የሚገናኝበትን በጣትሽ ጫን አድርጊ፣ ጠንካራ ነገር ከተሰማሽ ገና ነው።

በሙቅ ውሃ በግማሽ ሰዓት ይርሳል፣ አውቃለሁ። እንግዳ በር ላይ ከቆመ አድርጊው። ግን ጣዕሙ አንድ አይደለም።

ቤቲ_ሜሪላንድ

ስንጥቅ አለው! ጠርዙም የታጠፈ ነው። ርካሽ መስሎኝ ነበር የገዛሁት። ግን ቀዝቃዛና ሙቅ ለምን ይለያያል? ውሃ ውሃ ነው።

ኬሚስትሪ_አስተማሪ

ይሄ የኔ ነው።

ኡማሚ የሚባለውን፣ የሥጋ መረቅ ዓይነት ጥልቅ ጣዕም፣ ሰምታችኋል። ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ኮምቡ ከሚባል የባሕር ቅጠል ግሉታሜትን አውጥቶ ነው ስም የሰጠው። ሺታኬ ውስጥ ያለው ሌላ ነው፣ ጓኒሌት ይባላል። የእሱን ጣዕም ያወቀው ደግሞ አኪራ ኩኒናካ ነው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ አካባቢ። ትልቁ ነገር ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ለየብቻ ሲሆኑ ጣዕማቸው መጠነኛ ነው። አንድ ድስት ውስጥ ሲገቡ ግን ምላስ ላይ የሚሰማው ከድምራቸው እጅግ ይበልጣል።

ጓኒሌት እርጥቡ ላይ ትንሽ ነው። ደረቁ ርሶ ሲሞቅ ነው በብዛት የሚፈጠረው። እንጉዳዩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ በሉ። አንዱ ጓኒሌት ይሠራል፣ ሌላው ያፈርሳል። ለብ ያለ ውሃ ለአፍራሹ ይመቸዋል። ፍሪጅ ውስጥ ሁለቱም ይተኛሉ፣ እንጉዳዩ በሰላም ይርሳል። ከዚያ ከነውሃው እሳት ላይ ስታደርጉት ሙቀቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ አፍራሹ ከጨዋታ ይወጣል፣ ሠሪው ግን ገና ጉልበት አለው። ስለዚህ ቤቲ፣ ቀዝቃዛ ዘፍዝፊ፣ ስታሞቂው በቀስታ አሙቂው። የፈላ ውሃ ከደፋሽበት ሁለቱንም ገደልሻቸው ማለት ነው።

ግሉታሜቱን ከየት ታመጫለሽ? ቲማቲም። ቲማቲም ውስጥ ሞልቷል። ሶያ ሶስም አለ።

የቀበና_ልጅ

እኔ እኮ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው «ውሃውን እንዳትደፊ» ያልኩት 😂

በሉ ሽሮዬን ልንገራችሁ። ለአራት ሰው ስምንት ወይም አሥር ደረቅ ሺታኬ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ። ጠዋት ጨምቄ አወጣዋለሁ፣ እግሩን እቆርጣለሁ፣ ቆቡን በጣም አድቅቄ እከትፈዋለሁ። ውሃውን ሳልበጠብጥ ቀስ ብዬ እገለብጠዋለሁ፣ ሥሩ ላይ የሚቀረው ሁለት ማንኪያ ያህል አሸዋ አለው፣ እሱን ብቻ ነው የምደፋው።

ሽንኩርቱን አቁላልቼ ዘይት እጨምራለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ የተከተፈ ቲማቲም፣ ከዚያ የተከተፈው ሺታኬ። እዚህ ላይ አልቸኩልም። ቲማቲሙ ሟሙቶ ዘይቱ ተለይቶ እስኪወጣ ነው። ቡናማውን ውሃ እጨምራለሁ፣ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ከዚያ ሽሮውን ነስነስ እያደረግኩ ማማሰል ነው። የጎደለውን በተራ ውሃ እሞላለሁ። ሽሮው ከፈላ በኋላ እንደማንኛውም ሽሮ ረዘም ላለ ጊዜ ይንተክተክ።

ማሳሰቢያ፦ በነጭ ሽሮ ሥሩት። ምጥን ሽሮ በርበሬውም ኮረሪማውም ጥቁር አዝሙዱም ስላለው እንጉዳዩን ይሸፍነዋል። ገንዘብ ከስክሳችሁ የገዛችሁት ነገር ተደብቆ ይቀራል።

እትዬ_ድስት

ሽሮው ጥሩ ነው። ቀይ ወጥም ይሆናል። በርበሬው ከተቁላላ በኋላ የራሰውን ሺታኬ ሙሉውን ወይም ለሁለት ተከፍሎ ጨምሪው፣ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረግሽ። ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ። ለጾም ዶሮ ወጥ አልለውም፣ ዶሮን አላዋርድም። ግን መረቁ ያንን የሚያህል ውፍረት አለው።

አልጫ ላይ አልወደውም። እርዱና ዝንጅብሉ ከሽታው ጋር ይጣላል። ይሄ የኔ አፍ ነው።

ዳዊት_ዱባይ

የጾም ነገር ከተነሳ አንድ ጥያቄ። የእስያ ምግብ አሠራር ሁሉ ላይ ኦይስተር ሶስ አለበት። ይሄ ይጾምበታል?

ጓንግዙ_ያለሁ

ዋናው ከባሕር እንስሳ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ እንደየቤታችሁ። ዓሣ ለሚጾም አይሆንም። ጥሩ ዜናው ከሺታኬ የሚሠራ የጾም ዓይነት አለ፣ ጠርሙሱ ላይ የእንጉዳይ ሥዕል ታያለህ። ጽሑፉን ግን አንብብ። የጃፓን የሾርባ ዱቄትም እንዲሁ፣ አብዛኛው የደረቀ ዓሣ አለበት።

የጃፓን የቡድሃ መነኮሳት እኮ እንደኛ ችግሩ ነበረባቸው። ሥጋም ዓሣም አይበሉም፣ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት እንኳ አይነኩም። መረቃቸውን የሚያወጡት ከኮምቡና ከደረቀ ሺታኬ ነው። ኬሚስትሪ አስተማሪው ያለውን ሁለቱን ማገናኘት ሳይንሱ ሳይመጣ ያደርጉት ነበር።

ዳዊት_ዱባይ

ያለ ሽንኩርት ጾም? እኛ ቤት አመጽ ይነሳል።

ሳሪስ_ሐና

እናንተ ውጭ ያላችሁ ታድላችኋል። አዲስ አበባ እርጥቡን አግኝቼ አላውቅም። ነጩና ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ ይገኛል። ደረቁን የቻይና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ላይ አይቼዋለሁ፣ ዋጋው ይነክሳል። እናቴ ደግሞ ደረቁን ስታይ «የጅብ ጥላ ነው» ብላ ከቤት አስወጣችኝ። ዘሩን አምጥቶ እዚሁ ማብቀል አይቻልም?

ባለ_ጓሮ

ይቻላል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ኦይስተር በገለባ ላይ በሳምንታት ውስጥ ይደርሳል፣ ለዚህ ነው አገር ቤት የለመድነው። ሺታኬ የእንጨት ልጅ ነው። በሰጋቱራ ከተሠራ ወራት ይፈልጋል፣ ዘሩ ሰጋቱራውን ከወረሰ በኋላ ላዩ ቡናማ ቆዳ እስኪያወጣ መጠበቅ አለ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ እንዲደነግጥ ይደረጋል፣ ያኔ ነው የሚያብበው። በግንድ ላይ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ግንዱ ግን አንዴ ከያዘ ለጥቂት ዓመታት ያፈራል።

ጃፓን ውስጥ በደረቅ ሺታኬ ስሟ የገነነው ኦይታ የምትባለው ግዛት ናት፣ የኦክ ዘር ግንድ ነው የሚጠቀሙት። እኛ ኦክ የለንም። ግን ብራዚሎች በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ያበቅሉታል። ባሕር ዛፍ ደግሞ እንጦጦ ላይ ምን ያህል እንዳለ አንቺው ታውቂያለሽ። የሚቸግረው ንጹሕ ዘር ማግኘት ነው።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ የዘገዩ ናቸው። እስከ 1972 ድረስ ሕያው ዘሩ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። የባቡር ሐዲድ እንጨት ከሚያበሰብስ ሌላ እንጉዳይ ጋር ተምታቶባቸው ነው።

ሐና፣ እስከዚያው ኦይስተሩን በእትዬ አሠራር ጥበሽ። እሱ በእጅ ነው የሚቀደደው፣ በቢላ አይቆረጥም። ደረቁን ደግሞ በትንሹ ገዝተሽ ለሽሮ አውይው፣ አራት ፍሬ ድስቱን ይለውጠዋል። ዱር ያየሽውን ግን በፍጹም እንዳትነኪ። እናትሽ የጅብ ጥላ ማለታቸው ከመሬት አልተነሡም።

ቤቲ_ሜሪላንድ

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁም። እርጥቡን ማጠብ የሚለው ግን ሳይመለስ አለፈ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ቫይታሚን ይጨምራል የሚባለው እውነት ነው?

ነርሷ_ቪየና

እውነት ነው። እንጉዳይ ውስጥ ኤርጎስቴሮል የሚባል ነገር አለ፣ የፀሐይ ጨረር ሲነካው ወደ ቫይታሚን ዲ ይቀየራል። ሽንሽኑን ወደ ላይ አድርገሽ ቀትር ላይ አስጪው፣ ይጨምራል። በመስታወት መስኮት በኩል አይሆንም፣ መስታወቱ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል። ሐኪም ያዘዘልሽ ክኒን ካለ ግን በእንጉዳይ አትተኪው።

ሼፍ_ነኝ_ባይ

ማጠቡን እኔ። ቶሎ ውሃ አሳይተሽ ወዲያው በጨርቅ ማድረቅ ችግር የለውም። ዘፍዝፈሽ አትተዪው እንጂ። ብዙ ጊዜ ግን ቆሻሻ የለውም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ይበቃዋል። አስቀማመጡ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ያንን ፕላስቲክ ቀደሽ ወደ ወረቀት ከረጢት ገልብጪውና ፍሪጅ አስገቢው። ፕላስቲክ ውስጥ ያልበውና ይዝለገለጋል። የተዝለገለገና የሚሸት ከሆነ አይታጠብም፣ ይጣላል።

የቀበና_ልጅ

ደረቁ በጠርሙስ ይታሸግ፣ ከምድጃው እንፋሎት ይራቅ። የተረፈው የመዘፍዘፊያ ውሃ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በበረዶ መሥሪያው አቀዝቅዘሽ አንድ አንድ ፍሬ ምስር ወጥ ላይ ጣል ማድረግ ነው።

ሳሪስ_ሐና

እግሩስ? እትዬ «አትጣይው» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

እትዬ_ድስት

አዎ ልጄ፣ ረሳሁት። የእርጥቡ ሾርባ ውስጥ ይቀቀልና መረቁን ከሰጠ በኋላ ይወጣል። የደረቁን እግር ደግሞ ሳይዘፈዘፍ በፊት ስበር አድርገሽ አጠራቅሚ። ሲበዛ አድቅቀሽ ፍጪው። ዱቄቱን ከሽሮ ዱቄት ጋር ደባልቀሽ አስቀምጪ፣ ለአንድ ኩባያ ሽሮ አንድ የሻይ ማንኪያ። የቡና መፍጫ አለሽ?

ሳሪስ_ሐና

አለ፣ ግን የእናቴ ነው። እንጉዳይ ፈጨሁበት ካልኳት ዳግመኛ ከቤት መውጣቴ ነው።

እትዬ_ድስት

እንግዲያው በሙቀጫ ውቀጪው።